የሕጉ ዳፋ የት ያርፋል?
የመንግሥት ቁጥጥር በአነስተኛ አውሮፕላኖች ኢንዱስትሪና በሠራተኞቹ ላይ

መግቢያ

ስለ አቪዬሽን የሚወጡ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በትልልቆቹ አየር መንገዶች ላይ ነው። አዲስ አውሮፕላን ተገዛ፣ አዲስ መስመር ተከፈተ፣ ይህን ያህል ትርፍ ተገኘ ይባላል። ከዚህ ዓለም ጎን ግን ብዙም የማይወራለት ሌላ ዓለም አለ። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የሚበርበት፣ ማሳ ከአየር የሚረጭበት፣ ተማሪ ፓይለት ከአስተማሪው ጎን ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ የሚጨብጥበት፣ መካኒኩ እጁ በዘይት ተለውሶ ሞተር የሚፈታበት ዓለም ነው። ይህ ዓለም ጄኔራል አቪዬሽን ይባላል። በእኛ ቋንቋ ጠቅላላ አቪዬሽን ልንለው እንችላለን።

በዚህ ጽሑፍ ለማየት የምንሞክረው መንግሥት የሚያወጣው ሕግና ደንብ ይህን ዘርፍ፣ በተለይም በውስጡ እንጀራቸውን የሚያበስሉትን ሠራተኞች፣ እንዴት እንደሚነካ ነው። ምሳሌዎቹን የምንወስደው ከአሜሪካ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዘርፉ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የሰፋው እዚያ ነው፣ ሕጎቹና ክርክሮቹም በአደባባይ ተመዝግበው ይገኛሉ። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ሕግ በስሙ ከሚጠራው ሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሌላ ሰው ላይ፣ በሌላ ቦታና በሌላ ጊዜ ነው። ይህን ሰው ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የጋዜጠኛ ሥራ ነው።

1. ጠቅላላ አቪዬሽን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባጭሩ፣ ከወታደራዊ በረራና የጊዜ ሰሌዳ ካለው የአየር መንገድ በረራ ውጭ ያለው ማለት ይቻላል። የግል በረራ፣ የበረራ ትምህርት ቤት፣ የእርሻ ርጭት፣ የአየር ላይ ፎቶግራፍና ቅየሳ፣ የነዳጅ ቧንቧ መስመር ቅኝት፣ የኩባንያ ጀቶች ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የአምቡላንስና የኪራይ በረራንም በዚሁ ስር የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው።

ታዲያ ሠራተኞቹ እነማን ናቸው? ፓይለቱ ብቻ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ በሪቬት የሚያያይዘው፣ ሞተር የሚገጥመው፣ ሬዲዮና የአሰሳ መሣሪያ የሚጠግነው ቴክኒሺያን፣ የበረራ አስተማሪው፣ በትንንሽ አየር ማረፊያ ነዳጅ የሚቀዳው ወጣት፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛው ሁሉ ከዚህ ዘርፍ ይበላሉ። አንድ ሕግ ሲወጣ ይህ ሁሉ ሰው አንድ ላይ አይነካም። አንዱ ይጠቀማል፣ ሌላው ይጎዳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ነገሩን የሚሰማው ከዓመታት በኋላ ነው።

2. ቁጥጥሩ በስንት በር ይገባል?

የአሜሪካን ሲቪል አቪዬሽን የሚቆጣጠረው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ወይም በተለምዶ ኤፍ ኤ ኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። የተቋቋመው በ1958 በወጣ ሕግ ሲሆን በ1967 በትራንስፖርት ሚኒስቴር ስር ሆኗል። ይህ መሥሪያ ቤት ሦስት ነገሮችን ይቆጣጠራል ብንል ነገሩን ለመያዝ ይቀለናል።

አንደኛ፣ አውሮፕላኑን። አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ንድፉ ተፈትኖ ሰርተፍኬት ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ሰውየውን። ፓይለቱም መካኒኩም ያለ ፈቃድ ሥራውን መሥራት አይችልም። ሦስተኛ፣ አየሩን። የት፣ በምን ከፍታ፣ በምን መሣሪያ ይበረራል የሚለው በደንብ የተወሰነ ነው።

ነገር ግን ቁጥጥር በእነዚህ በሮች ብቻ የሚገባ ከመሰለን እንሳሳታለን። ግብር አለ፣ የፍርድ ቤት ካሳ አለ፣ የጸጥታ ሕግም አለ። እንዲያውም ቀጥለን እንደምናየው ኢንዱስትሪውን በጣም ካነቃነቁት ነገሮች ሁለቱ ከኤፍ ኤ ኤ ቢሮ አልወጡም።

3. ከ17,811 ወደ 928

በካንሳስ ግዛት የምትገኘው ዊቺታ «የዓለም የአየር ዋና ከተማ» የሚል ቅጽል ስም አላት። ሴስና እና ቢችክራፍት የተባሉት ታዋቂ አምራቾች ያደጉት እዚያ ነው። ሴስና 172 የተባለችው ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ከ44,000 በላይ ተመርታለች፤ በዓለም ታሪክ ይህን ያህል የተመረተ ሌላ የአውሮፕላን ዓይነት የለም። በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን አካዳሚ ፓይለቶችን ለማሠልጠን ተጠቅሞባታል።

በ1978 የአሜሪካ ፋብሪካዎች 17,811 የጠቅላላ አቪዬሽን አውሮፕላኖችን ለገዢዎች አስረከቡ። በ1994 ግን ያስረከቡት 928 ብቻ ነው። ከሃያ አንድ እጅ ገደማ ማለት ነው። ሴስና በ1986 ባለ ፒስተን ሞተር አነስተኛ አውሮፕላኖቹን ማምረት ጭራሽ አቆመ፤ ጀቶቹንና ትልቁን ካራቫን ማምረቱን ቀጠለ። በፍሎሪዳ የሚገኘው ፓይፐር ደግሞ በ1991 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ለመሆኑ ምን ነካቸው? አምራቾቹ በአንድ ድምፅ «ፍርድ ቤት ነው የገደለን» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አውሮፕላን ጥሩ እንክብካቤ ካገኘ 30 እና 40 ዓመት ይበራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አደጋ ቢደርስ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ አምራቹን «ንድፉ ጉድለት ነበረበት» ብሎ መክሰስ ይችል ነበር። ስለዚህ አምራቹ ዛሬ ለሚሸጠው አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን ከሠላሳ ዓመት በፊት ለሸጠውም ኢንሹራንስ ይከፍላል። ወጪው በአዲሱ አውሮፕላን ዋጋ ላይ ይጨመራል። ዋጋው ሲወደድ ገዢው ይሸሻል። ገዢ ሲቀንስ ደግሞ ያው የኢንሹራንስ ወጪ በጥቂት አውሮፕላኖች ላይ ስለሚከፋፈል ዋጋው እንደገና ይወጣል።

ክርክሩ እውነትነት አለው። ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ቁልቁለቱ የጀመረው ከ1978 ቀጥሎ መሆኑን ካየን በዚያው ሰሞን ሌላ ምን ነበረ ብለን መጠየቅ አለብን። በ1979 የነዳጅ ዋጋ ናረ። በ1981 የባንክ ወለድ 20 በመቶ አካባቢ ደረሰ፤ አውሮፕላን ደግሞ ብዙ ጊዜ በብድር የሚገዛ ዕቃ ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ በማቆማቸው ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11,000 በላይ የሚሆኑትን አባረሩ፤ ከዚያም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በአነስተኛ አውሮፕላኖች በረራ ላይ ገደብ ተጣለ። በ1986 ኩባንያዎች መሣሪያ ሲገዙ ያገኙት የነበረው የግብር ቅናሽ ተሰረዘ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1970ዎቹ የተሠሩት በሺዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ገና ይበሩ ነበር። አዲሱን አውሮፕላን የሚፎካከረው አሮጌው ወንድሙ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ ግብር ተጨመረ። በ1990 ኮንግረስ ባጸደቀው የበጀት ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1991 ጀምሮ የቅንጦት ዕቃ በተባሉት ላይ 10 በመቶ ተጣለ። ለአውሮፕላን የተቆረጠው መነሻ 250,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በላይ ባለው ዋጋ ላይ 10 በመቶ ይከፈላል። በዋናነት ለሥራ የሚውሉት ነፃ ነበሩ። ሐሳቡ ሀብታም ይክፈል የሚል ነበር። ሀብታሙ ግን ሌላ ምርጫ ነበረው፤ ዘንድሮ አለመግዛት ይችላል። ሪቬት መቺው ግን ዘንድሮ አለመብላት አይችልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ሆነ። የአውሮፕላኑና የጀልባው ቀረጥ በ1993 ተሰረዘ። እርግጥ በ1990 እና 1991 አጠቃላይ የኢኮኖሚ ድቀትም ስለነበረ ከጠፋው ሥራ ስንቱ የቀረጡ፣ ስንቱ የድቀቱ ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

4. የ18 ዓመቱ ይርጋ፡ ማን አገኘ? ማን አጣ?

በነሐሴ 17 ቀን 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የጠቅላላ አቪዬሽን ማነቃቂያ ሕግ ተብሎ የሚጠራውን ሕግ ፈረሙ። የሕጉ ዋና አንቀጽ ቀላል ነው። ከ20 ያነሰ የመንገደኛ መቀመጫ ያለው፣ የጊዜ ሰሌዳ ባለው የመንገደኞች አገልግሎት ላይ ያልነበረ አውሮፕላን ከተሸጠ 18 ዓመት ካለፈው፣ በደረሰው አደጋ ምክንያት አምራቹን መክሰስ አይቻልም። በእኛ የሕግ ቋንቋ ይርጋ ማለት ነው። አንድ ዕቃ ከተቀየረ ግን ለተቀየረው ዕቃ አዲስ 18 ዓመት ይቆጠራል።

ሕጉ አራት ቀዳዳዎች ትቷል። አምራቹ ጉድለቱን እያወቀ ከኤፍ ኤ ኤ ደብቆ ከሆነ፣ ተጎጂው ለድንገተኛ ሕክምና የሚጓዝ በሽተኛ ከሆነ፣ ተጎጂው አውሮፕላኑ ውስጥ ያልነበረ፣ ለምሳሌ መሬት ላይ የነበረ ሰው ከሆነ፣ ወይም አምራቹ በጽሑፍ ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ ክሱ ይቀጥላል።

የሴስና ሊቀ መንበር ራስል ሜየር ሕጉ ከጸደቀ ማምረት እንጀምራለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በጁላይ 1996 ኢንዲፔንደንስ በምትባል የካንሳስ ትንሽ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ተመረቀ። ሴስና 172 በ1997 እንደገና ለገዢ መድረስ ጀመረች። ፓይፐርም በ1995 አዲስ ፓይፐር በሚል ስም ከኪሳራ ወጣ። በ2000 የአሜሪካ ፋብሪካዎች ያስረከቡት ቁጥር ከ2,000 በላይ ሆነ። እንደ 1978ቱ ግን ዳግመኛ አልሆነም።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ብዙ ዘገባዎች የሚያበቁት «ሕጉ ሥራ መለሰ» በሚል አርእስት ነው። የተመለሰው ሥራ ግን የማን ነው? በ1986 ዊቺታ ውስጥ ከነጠላ ሞተር መስመር የተቀነሰ የ45 ዓመት ሠራተኛ እናስብ። ሥራው ሲመለስ እርሱ 55 ዓመቱ ነው። ሥራው የተመለሰው ደግሞ ወደ እርሱ ከተማ ሳይሆን በደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኝ ሌላ ከተማ ነው። በስታቲስቲክስ ላይ አንድ ሥራ ጠፍቶ አንድ ሥራ ተገኝቷል፤ ሂሳቡ ይዘጋል። በሰውየው ቤት ግን ሂሳቡ አልተዘጋም። የኢንዲፔንደንስ ወጣት ያገኘው እንጀራ እውነተኛ ነው። የዊቺታው ሰው ያጣውም እንዲሁ እውነተኛ ነው።

ሌላም ያጣ ሰው አለ። በ1970 የተሠራ አውሮፕላን በ1995 ወደቀ እንበል። የነዳጅ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ጉድለት ነበረበት ብለን እናስብ። የሟች ቤተሰብ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ቢሆን አምራቹን ፍርድ ቤት ያቆመው ነበር፤ አሁን ግን አራቱ ቀዳዳዎች ካልረዱት አይችልም። ሊከስ የሚችለው ምናልባት መካኒኩን፣ የአውሮፕላኑን ባለቤት ወይም የበረራ ትምህርት ቤቱን ነው። እንግዲህ ኃላፊነቱ ከትልቁ ፋብሪካ ወደ ትንሹ ጋራዥ ወረደ ማለት ነው። ሕጉ የፋብሪካ ሠራተኛውን እንጀራ ሲያስመልስ የጠጋኙን ሸክም አክብዷል። ይህን ስንል ሕጉ መጥፎ ነበር ማለታችን አይደለም። ዋጋ ነበረው፣ ዋጋውንም የከፈሉ ሰዎች ነበሩ ነው የምንለው።

5. 1,500 ሰዓት፡ ለአየር መንገድ የወጣ ሕግ የበረራ ትምህርት ቤት ላይ ሲያርፍ

በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ምሽት ከኒው ጀርሲ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ የኮልገን ኤር አውሮፕላን ሊያርፍ ሲቃረብ አንድ ቤት ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 49 ሰዎችና ቤቱ ውስጥ የነበረ 1 ሰው፣ በድምሩ 50 ሰዎች ሞቱ። የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ አውሮፕላኑ ፍጥነቱ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ካፒቴኑ የወሰደው እርምጃ ተገቢ እንዳልነበረ ገለጸ። የሠራተኞቹ ድካምም አነጋጋሪ ነበር።

የሟች ቤተሰቦች ተደራጅተው ኮንግረስን ደጅ ጠኑ፤ ተሳካላቸውም። በነሐሴ 2010 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2013 ጀምሮ የአየር መንገድ ረዳት ፓይለት ለመሆን የሚያስፈልገው የበረራ ልምድ 1,500 ሰዓት ሆነ። ከዚያ በፊት 250 ሰዓት አካባቢ ያለው የንግድ በረራ ፈቃድ የያዘ ሰው ሊቀጠር ይችል ነበር። ከጦር ኃይል ለሚመጡ 750፣ በአቪዬሽን የአራት ዓመት ዲግሪ ላላቸው 1,000፣ የሁለት ዓመት ላላቸው 1,250 ሰዓት ተፈቀደ። በሕጉ ላይ የሚነሣው ትችት አንድ ነው፤ በአደጋው የሞቱት ሁለቱም ፓይለቶች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ሕጉ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ አየር መንገዶች ደኅንነት በጣም ጥሩ እንደነበረ ይጠቅሳሉ። ይህ የሆነው ግን በሰዓቱ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የሥልጠናውም ይዘት፣ ከ2014 ጀምሮ የፓይለቶች የዕረፍት ሰዓት ደንብም አብረው ተቀይረዋል።

አሁን ጥያቄው፣ ይህ ከጠቅላላ አቪዬሽን ጋር ምን አገናኘው? ሕጉ የሚናገረው ስለ አየር መንገድ ነው። ነገር ግን ከ250 እስከ 1,500 ያለው 1,250 ሰዓት የት ይሞላል? በአየር መንገድ አይሞላም፣ በሩ ተዘግቷልና። የሚሞላው በትንሹ አውሮፕላን ነው። ማስታወቂያ ጨርቅ እየጎተቱ፣ ፓራሹተኛ እየጫኑ፣ የነዳጅ ቧንቧ እየቃኙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪ እያስተማሩ።

በዚህ ምክንያት የበረራ አስተማሪነት ለብዙ ወጣቶች መሸጋገሪያ ድልድይ ሆነ። አስተማሪ በአብዛኛው የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ ዝናብ ከጣለ በረራ የለም፣ በረራ ከሌለ ገንዘብ የለም። ለሥልጠና የተበደረው ዕዳ ግን ዝናብ አያውቅም። ወጣቱ 1,500 ሰዓት ሲሞላለት በማግስቱ ይሄዳል። ተማሪው በሥልጠናው መካከል አስተማሪ ይቀየርበታል፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስቴ። ትምህርት ቤቱም በየጊዜው አዲስ ሰው ያሠለጥናል። በሌላ በኩል ሕጉ ለአስተማሪዎች ሥራ ፈጥሯል፤ ሰዓት የሚፈልግ ሰው ሞልቷልና ትምህርት ቤቶች አስተማሪ የሚያገኙበት ምንጭ ሰፋ። አንዱ ሕግ የአስተማሪውን ቁጥር አብዝቶ የአስተማሪውን ቆይታ አሳጠረ።

አየር መንገዶቹስ? መጀመሪያ ላይ ፓይለት ጠፋ ብለው ጮኹ። የፓይለቶች ማኅበር ግን «የጠፋው ፓይለት ሳይሆን ተገቢ ደመወዝ ነው» የሚል አቋም ያዘ። በ2022 የተወሰኑ አነስተኛ አየር መንገዶች ለጀማሪ ፓይለቶች የሚከፍሉትን በእጅጉ ከፍ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሪፐብሊክ የተባለው አየር መንገድ በራሱ ትምህርት ቤት ላሠለጠናቸው 750 ሰዓት እንዲበቃ ቢጠይቅ ኤፍ ኤ ኤ አልተቀበለውም። በሜይ 2024 የጸደቀው አዲስ የአቪዬሽን ሕግም 1,500 ሰዓቱን አልነካም፤ የአየር መንገድ ፓይለቶች ጡረታ መውጫ 65 ዓመትም ባለበት ቀጠለ።

6. ደንብ ሥራ ሲፈጥርስ?

እስካሁን ያየነው ደንብ ሥራ ሲያጠፋ ወይም ሲያዛውር ነው። ሥራ የሚፈጥርበትም ጊዜ አለ፤ ይህን መዝለል ሚዛን ማጉደል ይሆናል።

በአሜሪካ ማንኛውም የተለመደ አነስተኛ አውሮፕላን በየ12 ወሩ ሙሉ ምርመራ ማለፍ አለበት። ሰው በክፍያ የሚያጓጉዝ ወይም ለሥልጠና የሚከራይ ከሆነ ደግሞ በየ100 የበረራ ሰዓቱ ይመረመራል። ይህን ማንም ተነሥቶ አይፈርምም፤ ፈቃድ ያለው መካኒክ ያስፈልጋል። የመካኒኩ ቋሚ ገቢ እንግዲህ ከዚህ ደንብ ይመነጫል። ደንቡ ባይኖር ብዙ ባለቤት «ዘንድሮ ይለፈኝ» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ፈቃዱን ማግኘት ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። በልምድ የሚመጣ ሰው ለአየር ክፈፉም ለሞተሩም ፈቃድ ለማግኘት 30 ወር መሥራት አለበት። በትምህርት ቤት በኩል የሚመጣው ደግሞ ለረጅም ጊዜ 1,900 ሰዓት መማር ነበረበት፤ ሥርዓተ ትምህርቱም አርጅቷል ተብሎ ይወቀስ ነበር። ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ ባወጣው ትእዛዝ መሠረት ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ የሰዓት ቆጠራው ቀርቶ ተማሪው የሚችለውን ማሳየቱ መለኪያ ሆነ።

ሦስተኛው ምሳሌ አቪዮኒክስ ነው። በ2010 ኤፍ ኤ ኤ ባወጣው ደንብ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በአብዛኛው ቁጥጥር ያለበት የአየር ክልል የሚበር አውሮፕላን ያለበትን ቦታ በራሱ የሚያስተላልፍ መሣሪያ መግጠም ግዴታ ሆነ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። ግን የሰው ልጅ ያው የሰው ልጅ ነው፤ ፈተና ሲደርስ የሚያጠና ተማሪ መስሎ ብዙው ባለቤት እስከ መጨረሻዎቹ ዓመታት ጠበቀ። ኤፍ ኤ ኤ በ2016 ቀድመው ለሚገጥሙ የ500 ዶላር ማበረታቻ እስከመስጠት ደረሰ። የጥገና ቤቶች ሥራ በዛላቸው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ያ ማዕበል ተመለሰ። ደንብ የሚፈጥረው ሥራ ሁሉ ዘላቂ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። የዓመቱ ምርመራ ቋሚ ደመወዝ ነው፤ የመሣሪያ ገጠማው ግን የአንድ ሰሞን ገበያ ነበር።

ደንብ ማላላትም የራሱ ውጤት አለው። በ2017 የአነስተኛ አውሮፕላኖች የንድፍ መመዘኛ ተሻሽሎ «ይህን ብረት በዚህ ውፍረት ተጠቀም» ከማለት ይልቅ «ይህን ያህል ጫና ይቻል» ወደ ማለት ዞረ። በጁላይ 2025 ደግሞ ቀላል ስፖርት አውሮፕላን የሚባለውን ምድብ የሚያሰፋ ደንብ ወጣ። የእነዚህ ውጤት በሠራተኛው ኑሮ ላይ እንዴት እንደሚገለጥ ለማየት ጊዜ ይጠይቃል። የ1994ቱም ሕግ ፋብሪካ እስኪከፍት ሁለት ዓመት ፈጅቶበት ነበር።

7. ለእኛ ምን ያስተምረናል?

ነገሩ ከአሜሪካ ድንበር ውጭም ይደርሳል። ለምሳሌ ከመስከረም 11ዱ የ2001 ጥቃት በኋላ፣ ጠላፊዎቹ አሜሪካ ውስጥ በረራ ተምረው ስለነበር፣ ከ2004 ጀምሮ አሜሪካዊ ያልሆነ ሰው እዚያ በረራ ለመማር የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደርን ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ከአዲስ አበባ ሄዶ ፓይለት መሆን የሚመኝ ወጣትም አሻራ ይሰጣል፣ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ የ1944ቱን የቺካጎ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ በመሆኗም የፈቃድና የደኅንነት ደንቦቿ ከዓለም አቀፉ መመዘኛ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

ዋናው ትምህርት ግን ስለ አዘጋገብ ነው። አዲስ አዋጅ ወይም መመሪያ ሲወጣ እኛ የለመድነው ዘገባ «አዋጁ ጸደቀ፣ ኃላፊው እንዲህ አሉ» ብሎ የሚያበቃውን ነው። ከላይ ካየናቸው ታሪኮች ተነሥተን አምስት ጥያቄዎችን ማስታወሻ ደብተራችን ላይ ብንጽፍ ይጠቅመናል።

አንደኛ፦ ሕጉ በስም የሚጠራው ማንን ነው? የሚያርፈውስ ማን ላይ ነው? የቅንጦት ቀረጡ ሀብታሙን ጠርቶ ሪቬት መቺውን አገኘ። የ1,500 ሰዓቱ ሕግ አየር መንገዱን ጠርቶ የበረራ አስተማሪውን አገኘ።

ሁለተኛ፦ ከሕጉ በፊት ነገሩ ወዴት እየሄደ ነበር? ቁልቁል እየወረደ የነበረን ነገር «ሕጉ ጣለው»፣ ሽቅብ እየወጣ የነበረን «ሕጉ አነሣው» ማለት ቀላል ነው።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን የሰጠን ማን ነው? 17,811 እና 928 የሚሉትን ቁጥሮች የሚሰበስበው የአምራቾቹ ማኅበር ነው። ይህ ቁጥሮቹን ሐሰት አያደርጋቸውም፤ ነገር ግን ማኅበሩ ሕጉ እንዲወጣ ሲሟገት የነበረ ወገን መሆኑን አንባቢ የማወቅ መብት አለው።

አራተኛ፦ «ሥራ ተፈጠረ» ሲባል የት፣ መቼ፣ ለማን? ለስንት ጊዜስ?

አምስተኛ፦ በስብሰባው ላይ ያልተገኘው ማን ነው? አምራቹ ጠበቃ አለው፣ ፓይለቱ ማኅበር አለው። ከዐሥር ዓመት በኋላ በአሮጌ አውሮፕላን አደጋ ዘመዱን የሚያጣው ሰው ግን ሕጉ ሲረቀቅ ገና ተጎጂ መሆኑን ራሱም አያውቅም። ስለዚህ ማንም ወክሎት አይናገርም። የኮልገን አደጋ ሟቾች ቤተሰቦች ድምፃቸው የተሰማው አደጋው ከደረሰባቸው በኋላ ነበር።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ መንግሥት በአቪዬሽን ላይ የሚያደርገው ቁጥጥር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምደንም። ቁጥጥር ባይኖር ኖሮ በአየር ላይ የሚበረው ነገር ማንም ሰው ልጁን የሚያሳፍርበት አይሆንም ነበር፤ መካኒኩም ቋሚ ሥራ ባላገኘ ነበር። በአንጻሩ ሳይታሰብበት የሚጣል ደንብ አንድን ከተማ ለዐሥር ዓመት ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። የደኅንነት ጥያቄና የእንጀራ ጥያቄ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ተሳፋሪዎች ናቸው፤ አንዱን አውርዶ ሌላውን ይዞ መሄድ አይቻልም።

ሕግ አውጪው ሁለቱን ማመዛዘን ሥራው ነው። የእኛ ሥራ ደግሞ ሚዛኑ ላይ ማን እንደተቀመጠ ማሳየት ነው። ለዚህም ከፓርላማው በር ላይ ዜናውን ይዞ ከመመለስ ይልቅ ትንሽ ወደፊት ሄዶ ሃንጋሩ ድረስ መድረስና ሠራተኛውን «ይህ ሕግ አንተ ጋ ምን ይዞ መጣ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል።